የሦስት ሺህ አምሳ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከጭሮ ተነሥቶ በበዴሳና በገለምሶ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን መንገድ ተከትዬ መቻራ በገባሁ ጊዜ፣ ያሳደረኝ ወዳጄ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበረና፣ ከራት በኋላ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የተማሪዎቹን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ ከምሮ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ማረም ጀመረ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መምህሩ በቃሉ የጠራውን ቍጥር ተማሪው በአኀዝ እንዲጽፍ ነው። ከተጠሩት ቍጥሮች አንዱ ሦስት ሺህ አምሳ ሲሆን፣ አንዲት ልጅ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት «300050» ብላ ጽፋለች፤ ደብተሩ ከእርሷ ደብተር ሥር የነበረው ልጅ ደግሞ «1000350» ብሏል። ወዳጄ ሁለቱንም በቀይ ሰርዞ አለፈ። እኔ ግን የታረሙትን ደብተሮች መልሼ አነሣኋቸውና ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ድረስ ሳያቸው ቈየሁ፤ ልጆቹ እንዲሁ በዘፈቀደ የጻፉት እንዳልሆነ፣ ከበስተኋላው አንድ የታወቀ ሕግ እንዳለ ታይቶኝ ነበርና።

የሁለተኛው ልጅ ነገር ቶሎ ተገለጠልኝ። ትምህርቱ የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በዚያም ቋንቋ ሦስት ሺህ «ኩመ ሰዲ» ይባላል፤ ሺሁ ይቀድማል፣ ሦስቱ ይከተላል፣ አምሳው በመጨረሻ ይመጣል። ልጁ ጆሮው እንደ ሰማ በተራ አስቀመጠው፦ 1000፣ 3፣ 50። የልጅቱ ግን ከዚያ ይጠልቃል። እርሷ «ኩመ ሰዲ» 3000 መሆኑን ታውቃለች፤ አምሳም 50 መሆኑን ታውቃለች፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ይህን የመሰለ አጻጻፍ ከዚህ ቀደም የት እንዳየሁት ሳስብ ቈይቼ፣ በልጅነቴ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የባሕረ ሐሳብ ሰሌዳ ትዝ አለኝ። በግእዝ አኀዝ ሦስት ሺህ አምሳ ሲጻፍ ፴፻፶ ነው፤ ሠላሳ፣ መቶ፣ አምሳ ተብሎ፣ አንዱ ከሌላው ጎን ቆሞ ይነበባል እንጂ የባዶ ስፍራ ጠባቂ አያሻውም። የመቻራይቱ ልጅ በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ዘግይታ የአክሱምን ጸሐፊ ሕግ ፈጽማለች፤ ጥፋቷ ሕጉን በሌላ አገር ምልክት መጻፏ ብቻ ነው።

የግእዝ አኀዛት ከግሪክ ፊደላት የመጡ መሆናቸው አብዛኞቹ ሊቃውንት የተስማሙበት ነው፤ አንዱ ከአልፋ፣ ዐሥሩ ከዮታ፣ መቶው ከሮ ተወለዱ። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው የድል ጽሑፍ የምርኮኛውንና የከብቱን ቍጥር በእነዚሁ ምልክቶች ይዘግባል። በዚህ ሥርዐት ዐሥር የራሱ መልክ አለው፣ ሃያም የራሱ፣ መቶም የራሱ፤ እያንዳንዱ አኀዝ የትም ቢቆም ዋጋውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። የዐድዋን ዘመቻ ዓመት ፲፰፻፹፰ ብለን ስንጽፍ ዐሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት ብለን እንደምናነበው ሁሉ፣ ምላስና ብዕር አንድ ናቸው። አንድ ልጅ ይህንኑ ቃል በቃል ወደ ዛሬው አኀዝ ቢመልሰው ግን 18100808 ብሎ ይጽፋል፤ ይኸውም ከሦስት ሺህ አምሳዋ ልጅ ስሕተት ጋራ በጥሬው አንድ ነው። ለዚህ የምላስና የብዕር አንድነት ዋጋ ተከፍሏል፤ የግእዝ አኀዝ ለመመዝገብ እጅግ የተመቸ ቢሆንም ቍጥሮቹን ከላይና ከታች ደርድሮ ለመደመርም ሆነ ለማባዛት አይመችም። ሒሳቡ የሚሠራው በጣት፣ በጠጠርና በቃል ነበር፤ ብራናው ላይ የሚወርደው መልሱ ነው።

የቦታ ዋጋ የሚባለው ነገር፣ ማለት 5 እንደ ቆመበት ስፍራ አምስት፣ አምሳ ወይም አምስት መቶ መሆኑ፣ ለእኛ ልጆች በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ውስጥ ተጠናቅቆ እንዲገባቸው የሚጠበቅ ነው። የዓለም ሊቃውንት ግን እንዲህ በቀላሉ አልተቀበሉትም። ከህንድ ተነሥቶ፣ በባግዳድ በአልኸዋሪዝሚ እጅ አልፎ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1202 የፒዛው ሊዮናርዶ፣ ፊቦናቺ የተባለው፣ ለኢጣልያ ነጋዴዎች በመጽሐፍ ካስተዋወቀው በኋላ እንኳ፣ በ1299 የፍሎረንስ የገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር አባላቱ በመዝገባቸው ላይ በአዲሱ አኀዝ እንዳይጽፉ በሕግ ከልክሎ ነበር። ዜሮንም ቢሆን ከቍጥሮች ተራ አስገብቶ ሕግ ያወጣለት ብራህማጉፕታ የተባለው የህንድ ሊቅ፣ በ628 በጻፈው ሥራ ውስጥ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው ብሎ አስተምሯል። ዛሬ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በጭሮ ይህንኑ ቢጽፍ ኤክስ ይደረግበታል፤ መደረጉም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ልጁ ከማን ጋራ እንደ ተሳሳተ ቢነግሩት ደስ ባለው ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ልመለስ፤ በእኛ አገር ስለ ስሕተት ከማንም ቀድሞ በጥንቃቄ ያሰበ እርሱ ነውና። ከሚኤሶ ቆላ በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በአሰቦት ደብረ ወገግ፣ በአቡነ ሳሙኤል ገዳም፣ እንደ ማንኛውም ገዳማችን ሁሉ፣ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ በሚሰጠው በባሕረ ሐሳብ ነው። ሥራው ሁሉ የቆመው በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ «ገደፈ»። ቍጥሩን በዐሥራ ዘጠኝ ትገድፋለህ፣ በሠላሳ ትገድፋለህ፤ ከተገደፈው የተረፈው ነው የሚፈለገው። ቋንቋችን ከዚያው ከአንዱ ሥር «ግድፈት» የሚለውን ቃል አውጥቶ ለስሕተት መስጠቱ ምን ጊዜም ያስደንቀኛል፤ ሊቁ አውቆ ሲጥለው ሥርዐት ነው፣ ተማሪው ሳያውቅ ሲጥለው ግድፈት ነው።

ምሳሌውን በ2017 ዓ.ም. እናውጣው። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል። እዚህ ላይ የኔታ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ የተያዘው ዓመት ገና አልተፈጸመምና ከተረፈው ላይ አንድ ይነሣል፤ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፤ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ሊሞሉ ይገባል፤ ሞልተዋል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ረቡዕ ነው፣ የረቡዕ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቍጥር) 4፣ ድምሩ 33፤ 30 ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ከዚያም የፋሲካ ተውሳክ 9 ተጨምሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ሆነ፤ እንደ ተባለውም ዋለ።

ያቺን አንዲት ቍጥር ማንሣት የረሳ ተማሪ ምን እንደሚያገኝ ደግሞ እንይ። ወንበሩ 12 ይሆንበታል፤ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። ተደምረው 30 ናቸው፤ ምርመራው ደኅና ነው ይለዋል! መስከረም 18 ቅዳሜ ነው፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ ድምሩ 26፤ ነነዌ ጥር 26፣ እርሱም ሰኞ ነው፣ ደግሞ ደኅና ነው ይለዋል፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 5 ይወጣል፣ እርሱም እሑድ ነው። ማናቸውም ምልክት ሳያስጠነቅቀው አገሩን ሁሉ በሆሣዕና ዶሮ ወጥ ያበላል። እንግዲህ ስሕተት ሁሉ ራሱን የሚያጋልጥ እንዳይመስለን፤ ከሁሉ የከፋው ምርመራውን አልፎ የሚሄደው ነው። የዚችው የአንዲት ቍጥር ዘመድ በየክፍሉ አለች፤ ከገጽ 12 እስከ ገጽ 20 አንብቡ የተባለ ተማሪ ስንት ገጽ አነበብህ ሲሉት 8 ይላል፤ የጀመረበትን ገጽ ስላልቈጠረ ነው። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ይህ ደካማ ስፍራ የት እንደሚገኝ አውቀው ነበርና፣ ልጁን ከመቅጣት ይልቅ በስፍራው ላይ ሕግ አቁመውበታል።

ይሁን እንጂ የቤተ ክህነቱ ትምህርት በጠቅላላው ለስሕተት ርኅሩኅ ነበር ብል እዋሻለሁ። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ስሕተት ማለት ከተቀበሉት ቃል መውጣት ነው፤ ዳዊት የሚደግም ልጅ አንዲት ቃል ሲያነሣ ሲጥል ኵርኵም ይቀምሳል፤ ለምን እንደ ተሳሳተ የሚጠይቀው የለም፤ መጠየቁም ለዳዊት ብዙ አይጠቅምም። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብፃውያን መምህራን ተከፍቶ ዘመናዊው ሒሳብ በመንግሥት ትምህርት ቤት መሰጠት ሲጀምር፣ ከዚያም ወዲህ ትምህርት ቤቶች ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲስፋፉ፣ ልጆቹም ብዙዎቹ ከየኔታ እግር ሥር የመጡ ስለ ነበሩ፣ የማባዛት ሠንጠረዥ በዳዊት ዜማ መደገም ጀመረ። ሰባት ጊዜ ስምንት አምሳ ስድስት፤ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ስልሳ ሦስት። እኔም በዚሁ ነው ያደግሁት፤ እስካሁንም ሰባት ጊዜ ስምንትን ለማግኘት ከሰባት ጊዜ አንድ ተነሥቼ በዜማው እመጣለሁ እንጂ መካከሉን ሰብሬ ለመግባት አልችልም። በዜማ የሚደገም ሒሳብ ፈጣን ነው፤ ሲሰበር ግን ከወደቀበት የሚነሣበት ምርኩዝ የለውም።

በጨርጨር አውራጃ ታሪክ ውስጥ ግን ሒሳብን ከዳዊት በሌላ መንገድ የተማረ አንድ ታላቅ ሰው አለ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኰንንነት ትምህርት የተማሩ ናቸው፤ የመድፍም ትምህርት ከሞላ ጎደል የሒሳብ ትምህርት ነው። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በጄኔቭም ለኢትዮጵያ የተሟገቱት እኒህ ሰው፣ በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው ሲሾሙ፣ አውራጃውን ለሌላው ግዛት አርአያ እንዲሆን አስበው አደራጁት፤ ዋና ከተማውም በአልጋ ወራሹ ስም አሰበ ተፈሪ ተባለ። ዛሬ ጭሮ የምንለው እርሱ ነው። የመድፍ ተማሪ የማዕዘኑን ልክ በጥቂት ቢስት ጥይቱ ከጠላት ሰፈር ይልቅ ከወገን ሰፈር ይወድቃል፤ ስለዚህ መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ ምን ያህል ሊስት እንደሚችልም ማስላት ይማራል። ይህ ሁለተኛው ትምህርት ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ሳይገባ መቅረቱን ሳስብ አዝናለሁ።

ገበያው ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። የጨርጨር ቡና በአህያና በግመል ወደ ሚኤሶ ወርዶ በባቡር ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ሲሄድ፣ መለኪያው ፈረሱላ፣ መክፈያውም ማርትሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ፈረሱላ እንደ አገሩና እንደ ዕቃው ሲለዋወጥ ኖሮ ዛሬ በቡና ንግድ 17 ኪሎ ነው። 17 ለማባዛትም ሆነ ለማካፈል ከሚያስቸግሩት ቍጥሮች አንዱ መሆኑን ማንም የሞከረ ያውቀዋል፤ የገለምሶና የመቻራ ነጋዴ ግን ወረቀት ሳያነሣ ይመነዝረዋል። የብሩ ክፍልፋይ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን እየተባለ በግማሽ በግማሽ ይወርድ ነበር፤ ተሙን ስምንተኛ እጅ ነው። ዛሬ ሃያ አምስት ሳንቲሙን ስሙኒ የምንለው ከዚያው ስምንተኛ ከሚለው የዐረብ ቃል ጋራ ዘመድ ነው፤ ገንዘቡ ሲለወጥ ስሙ ሳይለወጥ ቀርቶ፣ ሩብ የሆነው ነገር በስምንተኛ ስም ይጠራል። አንድ ልጅ ክፍልፋይ ሲማር ግራ ቢጋባ፣ አያቶቹም በአንደበታቸው ተጋብተው ነበር ማለት ነው።

ስለ ክፍልፋይ ከተነሣ አይቀር፣ በተማሪ ደብተር ላይ እንደ አረም የማይጠፋው ስሕተት አንድ ሦስተኛና አንድ ዐሥረኛ ሲደመሩ ሁለት ዐሥራ ሦስተኛ ማድረግ ነው፤ ከላይ ያሉት ከላይ፣ ከታች ያሉት ከታች ተደምረው። ይህን ለአንድ የቀድሞ ዘመን ሲሶ አራሽ ብትነግሩት በሣቀ ነበር። እርሱ ሠላሳ ዳውላ ማሽላ ያገባ እንደ ሆነ፣ አሥራቱ ሦስት ዳውላ፣ ሲሶው ዐሥር ዳውላ፣ በድምሩ ዐሥራ ሦስት ዳውላ ከዐውድማው እንደሚወጣ ያውቃል፤ የተማሪው ሁለት ዐሥራ ሦስተኛ ግን አምስት ዳውላ እንኳ አይሞላም፤ ከሲሶው ብቻ በግማሽ ያንሳል። ከዚህም አልፎ ይከራከራል፤ አሥራቱ አስቀድሞ ከተነሣ ሲሶው ከቀረው ከሃያ ሰባቱ ዘጠኝ ነውና የሚወጣው ዐሥራ ሁለት ዳውላ ነው፣ አንዲቱን ዳውላ የወሰደብኝ ማን ነው ይላል። የቅደም ተከተል ሕግ የሚሉትን በዳውላው ዐውቆታል። አሥራት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ፣ ሲሶውም በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ቀረ፤ መቅረታቸው መልካም ነው፤ ክፍልፋዩ ግን ከዐውድማ ወጥቶ ጥቍር ሰሌዳ ላይ ሲወጣ እህሉን ጥሎ ወጣ።

መቻራ በምትገኝበት በምዕራብ ሐረርጌ ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ስለ ሆነ፣ ብዙ ልጅ ከትምህርት ቤት በፊት ወይም ጎን ለጎን ቁርአን ቤት ገብቶ በሉሕ ላይ ይጽፋል። እዚያ የሚማረው የዐረብ አኀዝ የራሱ መልክ አለው፤ ክብ ሆና የምትጻፈው አምስት ናት፣ ዜሮ ግን ነጥብ ብቻ ነው። ያው ልጅ በዚያው ዕለት ወደ መንግሥቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ክቧ ዜሮ ሆና ትቈየዋለች። በዐረብኛ ንባብም ሃያ አምስት «አምስትና ሃያ» ተብሎ ይነገራል፤ ዝቅተኛው ይቀድማል። በግእዝ ያደገው ልጅ አንድ መሰናክል ካለበት፣ የመቻራው ልጅ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ነው ከሒሳብ መምህሩ ፊት የሚቀርበው።

ወንዞቹ በዚህ አያበቁም። በ1950ዎቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ተደርጎ፣ ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር፤ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ በኦሮሚያ ሒሳብ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሆኖ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ድንገት እንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ «ከ12 ላይ 5 ቀንስ» ስንል የሚቀነስለት ይቀድማል፣ የሚቀነሰው ይከተላል፤ ኦሮምኛውም እንዲሁ ነው፤ ጆሮ እንደ ሰማ እጅ 12፣ ቀጥሎ 5 ይጽፋል። እንግሊዝኛው ግን 5ን አስቀድሞ 12ን በኋላ ይጠራል። እንደ ሰማው የመጻፍ ልማድ ያለው ተማሪ 5 ሲቀነስ 12 ብሎ ይጽፍና አሉታዊ ሰባት ያወጣል፤ መምህሩም መቀነስ አያውቅም ብሎ ይደመድማል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ባቡር በ7 ሰዓት ተነሣ የሚለውን ጥያቄ ከባዕድ መጽሐፍ የተረጐመ ሰው ባቡሩን በማለዳ ያስነሣዋል፣ የመቻራው ልጅ ግን ከምሳ በኋላ።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ በማያ ገጹ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ሰጥቶ ለጥቂት ሰኮንዶች ዝም ይልና መልሱን ነግሮ ያልፍ ነበር። አልገባኝም ቢሉት አይሰማም፤ ስሕተታቸውን ሳያይ ይቀጥል ነበር። ይህን ስል ፕላዝማውን ብቻ ለመክሰስ አይደለም፤ ሥጋ የለበሱ መምህራንም ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ከፕላዝማው ብዙ አይሻሉም። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው በተገኙ ጊዜ፣ አገሩ ሁሉ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ስንፍናና ስለ ሞራል ብዙ ተነጋገረ፤ የቀሩት 96.7 በመቶዎቹ ስሕተታቸው ምን ዐይነት እንደ ነበረ ሲወራ ግን አልሰማሁም።

ስሕተት ዐይነት አለው፤ ይህን በሥርዐት ካሳዩት መካከል ብራውንና በርተን የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ያወጡት ጥናት ስመ ጥር ነው። የሕፃናትን የመቀነስ ስሕተት መርምረው፣ አብዛኛው እንዲያው የተዘራ ሳይሆን ልጁ ራሱ ያወጣውን ሕግ በታማኝነት ሲፈጽም የሚመጣ መሆኑን ገለጹ። ከወዳጄ የደብተር ክምር ውስጥም አገኘሁት፤ ከ502 ላይ 137 ሲቀነስ 435 ያለ ልጅ አለ። 2 ከ7 ያንሳልና ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5፣ 0 ከ3 ያንሳልና ከ3 ላይ 0 ቀንሶ 3፣ ከ5 ላይ 1 ቀንሶ 4። ለወዳጄ ባሳየው ጊዜ ብዙ ዝም ብሎ ቈየና፣ በአንደኛ ክፍል «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም» ብለን ያስተማርነው እኛው ነን አለኝ። ቀዩን እስክሪብቶም አስቀመጠው።

በማግሥቱ ጠዋት ስለ መቻራ ዋሻዎች አጫወተኝ። በከተማይቱ አጠገብ ባለው የኖራ ድንጋይ ምድር ውስጥ አቸሬና አይናጌ የሚባሉ ረጃጅም ዋሻዎች አሉ፤ ፕሮፌሰር አስፋወሰን አሥራትና ባልደረቦቻቸው ከዋሻው ወለል ወደ ላይ ያደገውን የድንጋይ ዓምድ ቈርጠው፣ በዛፍ ግንድ ላይ እንዳለው ዓመታዊ ቀለበት በላዩ የተነባበረውን ስስ ስስ ንብርብር እየቈጠሩ፣ የጥንቱን ዘመን ዝናብ ያነቡበታል። ከእያንዳንዱ ዕድሜም ጎን ይህን ያህል ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሆን ይችላል የሚል ቍጥር ይጽፋሉ። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ሣቀ፤ እርሱ ተማሪዎቹ መልሳቸውን በዚያ ዐይነት ቢጽፉለት ምን እንደሚያደርግ እንደማያውቅ ነገረኝ።

ከዚያ ወደ ገበያ ወጣን። ጀንፈል ቡና በሸራ ላይ ተዘርግቶ፣ አህዮች በየጥጉ ታስረው፣ ሚዛኑ በሦስት እግር እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከእናቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የተቀመጠ ልጅ አየሁ፤ ወዳጄም በጥቅሻ አመለከተኝ፤ ማታ ደብተሩን አይቼዋለሁ። 17 በ4 ሲባዛ ያለውን ጥያቄ 428 ብሎ የመለሰው እርሱ ነው፤ አራት ጊዜ ሰባት 28፣ አራት ጊዜ አንድ 4፣ ጎን ለጎን። በብራዚል በረሲፌ ከተማ ገበያ ላይ ሸቀጥ በሚሸጡ ሕፃናት ዘንድ የተደረገና በአውሮፓ አቈጣጠር በ1985 የታተመ ጥናት፣ ልጆቹ በገበያቸው ላይ 98 በመቶውን በትክክል ያሰሉትን ዐይነት ሒሳብ በወረቀት ሲሰጣቸው 37 በመቶውን ብቻ እንዳገኙ ይናገራልና፣ እኔም ይህን ልሞክር ብዬ ጠጋ አልሁ።

አራት ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው ብዬ በወዳጄ አስተርጓሚነት ጠየቅሁት። ዐይኑን ከሚዛኑ ላይ ሳያነሣ፣ አራት ዐሥር አርባ፣ አራት ሰባት ሃያ ስምንት ብሎ በኦሮምኛ አጕተመተመና «ጃተሚ ሰዴት» አለ፤ ስልሳ ስምንት። በጭራሮ መሬት ላይ 428 ጻፍሁና ይኸስ ብዬ ጠየቅሁት። አየው፤ ወደ መምህሩ አየ፤ ከዚያም በግንዱ ሥር ወደ ታሰረችው አህያቸው አየና፣ ይህን ያህል እርሷ አትችልም አለ።